አዲስ ባትሪ፣ የሞተች ሞተር

በደከመ ባትሪ ስትንገታገት የከረመች ሞተር አዲስ ባትሪ በተገዛላት ዕለት ጭራሹን ድምፅዋ ሲጠፋ፣ ባለቤቷ በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ሻጩን ነው። ቀጥሎ ሰፈሩ ይሰበሰባል። አንዱ «ሲዲአዩ ተቃጥሏል» ይላል፤ ሌላው ሽቦው በሙሉ መቀየር አለበት ብሎ ይፈርዳል፤ ሦስተኛው እጅጌውን ሰብስቦ «ግፏት» ይላል። ትናንት ያልነበረ ብልሽት ባትሪ በተቀየረ ማግሥት ሲመጣ ግን የሚፈለግበት ቦታ ጠባብ ነው፤ ሰው እጁን ያስገባበት ቦታ። ያን ጠባብ ቦታ በሥርዓት መፈተሽ ሲቻል ብዙ ባለሞተር ለማያስፈልገው ዕቃ ብር ያወጣል።

ሐዋሳ አቶቴ አካባቢ ባለ አንድ የሞተር ጥገና ቤት ደጃፍ ያየኋት ሞተር የመጣችው በአይሱዙ ተጭና ነው። ባለ 150 ሲሲ የህንድ ሥሪት ናት፤ ጎማዋ ላይ የገጠር ጭቃ ደርቋል። ባለቤቷ ሃምሳውን ያለፉ የግብርና ባለሙያ ናቸው፤ ከቀበሌ ቀበሌ የሚዞሩት በእሷ ነው። ከመኪናው ስትወርድ እጃቸውን ከመሪዋ ላይ አላነሱም። መካኒኩ ወጣት ነው። ካቻቢቴ ከማንሳቱ በፊት ጥያቄ አስቀደመ።

«ጋሼ፣ ባትሪውን ማን ነው የገጠመው?»

«እኔው ነኝ። ሁለት ገመድ ነው፣ ምን አለው ብዬ።»

«ቁልፍ ሲከፍቱስ ምን ይሠራል?»

«ምንም። ክላክስ የለ፣ ፍሬቻ የለ፣ የኒውትራሏ አረንጓዴም አትበራ። ሲዲአይ ግዛ ብለውኛል።»

«ክላክስ የሚያስጮኸው ሲዲአይ አይደለማ፣ ጋሼ።»

ለባለቤቱ መርዶ የሆነው «ምንም» ለመካኒኩ ትልቅ መረጃ ነው። ክላክስና ካንዴላ በሥራ አይገናኙም፤ ፍሬቻና ሞተሪኖም እንዲሁ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ከጠፉ ብልሽቱ ያለው ሁሉም በሚጋሩት መንገድ ላይ ነው። የሚጋሩት ደግሞ ጥቂት ነገር ነው፦ ባትሪው፣ ዋናው ፊውዝ፣ የቁልፍ መክፈቻው፣ እነዚህን የሚያያይዙት ሶኬቶችና ወደ ባትሪው የሚመለሰው የኔጋቲቭ ገመድ። ሲዲአይ የሚያዘው የካንዴላውን እሳት ብቻ ስለሆነ እሱ ቢቃጠል እንኳ መብራቱም ክላክሱም ሥራቸውን አያቆሙም። ያልተገዛው ሲዲአይ በዚህች አንድ ጥያቄ ተረፈ።

መቀመጫው ተነሳ። መካኒኩ ቴስተሩን በ20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርጎ ቀዩን ዘንግ በፖዘቲቩ፣ ጥቁሩን በኔጋቲቩ ጫፍ ላይ አሳረፈ። የገመዱን ጆሮ አልነካም፤ የነካው ራሱን የባትሪውን እርሳስ ነው። ምክንያቱ ኋላ ይመጣል። ቴስተሩ 12.5 አሳየ።

የባለ 12 ቮልት ባትሪ ሆድ ስድስት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ 2.1 ቮልት ገደማ ይሰጣል። ሙሉ ተሞልቶ ያረፈ ባትሪ ከ12.6 እስከ 12.8 ያሳያል። 12.4 ሲሆን ሦስት አራተኛ ያህል ኃይል አለው፤ ወደ 12 ከወረደ ግን ለባዶነት የቀረው ጥቂት ነው። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 እርሳስን በሰልፈሪክ አሲድ ነክሮ፣ ሲያልቅ መልሶ የሚሞላ ባትሪ ከሠራ ወዲህ መሠረቱ አልተለወጠም። ስለዚህ 12.5 ሁለት ነገር ይናገራል፤ ባትሪው በሕይወት አለ፣ ነገር ግን ከመሸጡ በፊት በወጉ ቻርጅ አልተደረገም።

ይህ ሁለተኛው ጉዳይ ቆም ብሎ ማየት የሚገባ ነው። ለሞተር የሚሸጡ ብዙ ባትሪዎች ደረቃቸውን ነው የሚመጡት፤ አሲዱ ለብቻው በጠርሙስ ነው። ሻጩ ገዢው ፊት አሲዱን ይሞላና ወዲያው ያስረክባል። ሳህኖቹ አሲዱን እስኪጠጡ ግን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ማረፍ አለበት፤ ከዚያም በዝግታ ይሞላል። አቅሙ 9 አምፔር ሰዓት ከሆነ በ0.9 አምፔር ገደማ፣ ለሰዓታት ማለት ነው። ይህ ሳይደረግ ሥራ የጀመረ ባትሪ ከሙሉ አቅሙ በታች ይጀምራል፤ ያጣውንም በኋላ ሞተሯ ላይ ሆኖ ሙሉ በሙሉ አይመልሰውም። ሻጭም ገዢም ይቸኩላሉ። ባትሪው ያለ ዕድሜው ሲደክም «የቻይና ዕቃ» ይባልና ነገሩ ይዘጋል።

መካኒኩ ቀጥሎ ገመዶቹን ቆጠረ። በፖዘቲቩ ጫፍ ላይ አንድ ገመድ ብቻ ያለ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። በብዙ ሞተሮች ግን ሁለት ነው። ወፍራሙ ወደ ሞተሪኖው ሪሌ ይሄዳል። ቀጭኑ በዋናው ፊውዝ በኩል አልፎ ለመብራቱ፣ ለክላክሱና ለሲዲአዩ ያከፋፍላል። አሮጌው ባትሪ ሲወጣ ቀጭኑ ወደ ጎን ይንሸራተትና ይረሳል። ወፍራሙ ጥሩ አድርጎ ስለታሰረ ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ ሞተሯ ግን ቅንጣት ኃይል አታገኝም። ሞተሪኖው የሚመገበው በወፍራሙ ቢሆንም ሪሌውን የሚያዘው ቀጭኑ መስመር በመሆኑ ስታርተር ሲጫኑ «ቀጭ» እንኳ አይልም። ባትሪ ቀይራችሁ ሁሉም ነገር ከጠፋባችሁ መጀመሪያ ይህን እዩ። ጥገና ቤት ሳትደርሱ የሚያልቅ ብልሽት ነው።

በዚህች ሞተር ሁለቱም ገመዶች በቦታቸው ነበሩ። ቀጣዩ ዋናው ፊውዝ ነው፤ ከሪሌው ጎን በፕላስቲክ ቤቱ ውስጥ የተቀመጠ ባለ 20 አምፔር። ሲወጣ መሀሉ ያለው ቀጭን ብረት ተበጥሶ ፕላስቲኩን አጥቁሮታል።

መካኒኩ ፊውዙን ለባለቤቱ አሳየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋሼ፣ ሲገጥሙት ብልጭ ብሎብዎታል?»

ባለቤቱ ወደ ሞተሯ አዩ። «አንዴ ብልጭ አለች። ወዲያው አገላብጬ ገጠምኩት።»

አሮጌው ባትሪ በፌስታል አብሮ መጥቷል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ቁመታቸውም ወርዳቸውም አንድ ነው፤ የአሮጌው ፖዘቲቭ በቀኝ፣ የአዲሱ በግራ። ሰውየው ገመዶቹን የመለሱት በለመዱት ቦታ ነው፤ ምልክቱን አላዩም። በጃፓኖቹ አጠራር በሚሸጡ ባትሪዎች ላይ ይህን የሚለየው አንዲት ፊደል ናት። ዋይቢ14-ኤ2 እና ዋይቢ14ኤል-ኤ2 መጠናቸው እኩል ነው፤ «ኤል» ያለበት ፖዘቲቩ በቀኝ ነው፣ የሌለበት በግራ። ሻጩ «ያው ነው» ብሎ የሰጠው ባትሪ በዚህች ፊደል ምክንያት ያው አይደለም።

ተገልብጦ የተገጠመ ባትሪ በቀዳሚነት የሚያጠቃው ሬጉሌተሩን ነው። ሞተሯ ስትሠራ የምታመነጨው ኤሌትሪክ አቅጣጫው የሚመላለስ ነው። ሬጉሌተሩ ውስጥ ያሉት ዳዮዶች ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እያሳለፉ ባትሪውን ያስሞላሉ፤ ሬጉሌተሩም መጠኑ እንዳያልፍ ይገድባል። ባትሪው በትክክል ሲገጠም ዳዮዶቹ ለእሱ የተዘጋ በር ናቸው። ሲገለበጥ ያው በር ወለል ብሎ ይከፈትና የባትሪው ኃይል አንዳች ሥራ ሳይሠራ በዳዮዶቹ በኩል ይጎርፋል። ፊውዙ ፈጥኖ ከተበጠሰ ዳዮዶቹ ይተርፋሉ። ከዘገየ አብረው ይቃጠላሉ። ቁልፉ ዝግ መሆኑም አያድንም፤ ሬጉሌተሩ በብዙ ሞተሮች ላይ ከባትሪው ጋር የሚገናኘው በቁልፉ በኩል ሳያልፍ ነው።

አዲስ ፊውዝ ከትቶ መሞከር ቀላል ነበር። መካኒኩ አልከተተም። ባለ 21 ዋት የፍሬን አምፖል በሁለት ሽቦ አያይዞ በፊውዙ ቦታ አስገባው። ቁልፉ ዝግ ስለሆነ አምፖሉ መብራት አልነበረበትም። ቦግ ብሎ በራ።

ይህን ዘዴ ባየሁ ቁጥር ያስደስተኛል፤ ርካሽ ነው፣ አይዋሽም። ከፊውዙ ወዲያ ሾርት ካለ ኃይሉ የሚያልፈው በአምፖሉ ውስጥ ነው፤ አምፖሉ ደግሞ ከ2 አምፔር በላይ አያሳልፍም። ስለዚህ ሽቦ አይግልም፣ ፊውዝ አይባክንም፣ ሾርቱ ግን በብርሃን ይታያል። የቀረው ሶኬቶችን አንድ በአንድ መንቀል ነው። የሬጉሌተሩ ሶኬት ሲነቀል አምፖሉ ድርግም አለ።

«ይኸውልዎ» አለ መካኒኩ።

እዚህ ላይ ስለ አንድ መጥፎ ልማድ ልናገር። ፊውዝ ደጋግሞ ሲበጠስ የሲጋራ ፓኬት ብርማ ወረቀት ወይም የመዳብ ሽቦ ጠምዝዞ በቦታው የሚከት ሰው አለ፤ መካኒክ ነኝ የሚልም ጭምር። ትንሽ የሞተር ባትሪ እንኳ በሾርት ጊዜ ከ100 አምፔር በላይ ሊያወጣ ይችላል። ፊውዝ ከሌለ በፊውዝ ፈንታ የሚቀልጠው ሽቦው ነው፤ ሽቦው የሚያልፈው ደግሞ ከቤንዚኑ ታንክ ሥር ነው። ትርፍ ፊውዝ በብዙ ሞተሮች ላይ እዚያው ፊውዙ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ይመጣል። ከሌለም ዋጋው ከአንድ ማኪያቶ ብዙ አይርቅም። ወረቀት ጠምዝዞ ለሚከት መካኒክ ሞተራችሁን አትስጡ።

ሬጉሌተሩ እንደተነቀለ አዲስ ፊውዝ ገባ። ቁልፉ ሲዞር ዳሽቦርዱ በራ፣ አረንጓዴዋ መጣች፣ ክላክሱ ጮኸ። ባለቤቱ «እሰይ!» ብለው ስታርተሩን ተጫኑ። «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» አለ፤ መብራቱ ሁሉ አብሮ ተርገበገበ። ጣታቸውን ሲያነሱ መብራቱ ተመለሰ።

«አላልኩህም? ባትሪው ነው! አታሎኛል!»

ብዙ ሰው፣ ብዙ መካኒክም፣ እዚህ ላይ ነው ባትሪውን ይዞ ወደ ሻጩ የሚመለሰው። ወጣቱ የቴስተሩን ዘንጎች እንደገና በሁለቱ የባትሪው እርሳሶች ላይ አድርጎ «አሁን ይጫኑት» አላቸው። ተጫኑ። ቁጥሩ ከ12 በታች አልወረደም። ደካማ ባትሪ ሞተሪኖ ሲጎትተው ከ10 ቮልት በታች ይወድቃል፤ ይህ አልወደቀም። ኃይሉ ከባትሪው መውጫ አጥቷል ማለት ነው። ከዚያ አንዱን ዘንግ በኔጋቲቩ እርሳስ ላይ፣ ሌላውን በባዶው የሞተር አካል ላይ አደረገ። በደህና ሞተር በእነዚህ ሁለት ነጥቦች መካከል ስታርተር ሲጫኑ ከግማሽ ቮልት ያነሰ ነው የሚታየው። እዚህ ቁጥሩ እየዘለለ 9 ደረሰ።

ሞተሪኖው የሚፈልገው ኤሌትሪክ በወፍራሙ ገመድ ይሄዳል፣ በሪሌው ያልፋል፣ ሞተሪኖውን ያዞራል፤ ከዚያ በሞተሩ አካልና በኔጋቲቩ ገመድ ወደ ባትሪው ይመለሳል። መመለሻው ከተበላሸ መሄጃው ቢያምር ዋጋ የለውም። ጆርጅ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ያሳተመው ሕግ ቀሪውን ይነግረናል፤ በአንድ መጋጠሚያ ላይ የሚጠፋው ቮልት፣ የሚያልፈው አምፔር በመጋጠሚያው ተቃውሞ ተባዝቶ ነው። በልቅ መጋጠሚያ ላይ ያለው ተቃውሞ አንድ አሥረኛ ኦም ነው እንበል። ዳሽቦርዱ ግማሽ አምፔር ሲወስድ የሚጠፋው 0.05 ቮልት ነው፤ ማንም አያስተውለውም፣ መብራቱም ደህና ይበራል። ሞተሪኖው 50 አምፔር ሲጠይቅ ግን በዚያው መጋጠሚያ 5 ቮልት ይቀራል። መጋጠሚያው ከዚህም የባሰ ከሆነ ለዳሽቦርዱም ለሪሌውም የሚተርፍ የለም። ሪሌው ይለቃል፤ ሲለቅ ቮልቱ ይመለሳል፤ ሲመለስ ሪሌው ደግሞ ይይዛል። ያ «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» የዚህ መያዝና መልቀቅ ድምፅ ነው።

ቴስተርን ብቻ ያመነ ሰው የሚሳሳተውም በዚህ ነው። ሞተሯ ሳትሠራ፣ ኃይል የሚጠይቅ ነገር ሳይኖር፣ በአንድ ፀጉር የሚያህል ክር የተያያዘ ገመድ እንኳ 12.5 ቮልት ያሳያል። ልኬት ዋጋ የሚኖረው ጭነት እያለ፣ ከእርሳስ እስከ እርሳስ ሲሆን ነው። መካኒኩ መጀመሪያ ላይ የገመዱን ጆሮ ትቶ እርሳሱን የነካው ለዚህ ነበር፤ ባትሪውንና መጋጠሚያውን ለየብቻ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የኔጋቲቩ ብሎን ተፈታ። ከባትሪው ጋር የመጣችው ትንሽ አራት ማዕዘን ዳዶና ብሎኗ አልነበሩም፤ ባለቤቱ ጠፍተውባቸው ከቤት የተገኘ ረዘም ያለ ብሎን ተጠቅመዋል። ጫፉ ከታች ነክቶ ስለቆመ ሲያጠብቁት የጠበቀ መስሏል፤ የገመዱ ጆሮ ግን እርሳሱን በአንድ ጎኑ ብቻ ነው የነካው። ጆሮው ራሱ ከአሮጌው ባትሪ የተረፈ ነጭና አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። ቤኪንግ ሶዳ በውሃ ተደርጎ አሲዱ ታጠበ፣ በብርጭቆ ወረቀት ታሸ፣ ልኩ የሆነ ብሎን ከዳዶው ጋር ገባ። መካኒኩ ሲፈታ ኔጋቲቩን አስቀድሞ፣ ሲያስር ኔጋቲቩን መጨረሻ አድርጎ ነው የሠራው። ፖዘቲቩን የሚፈታው መፍቻ ሻንሲውን ቢነካ፣ ኔጋቲቩ አስቀድሞ ከተለያየ ብልጭታ አይኖርም።

ስታርተሩ ተጫነ። ሞተሯ ተነሳች።

ባለቤቱ ቦርሳቸውን ሲያወጡ መካኒኩ አስቆማቸው፤ ሬጉሌተሩ ሳይቀየር ብትሄድ ባትሪው ሳይሞላ እያለቀ መንገድ ላይ ትቆማለች። አዲስ ሬጉሌተር ተገዝቶ ገባ። ሞተሯ ጋዝ ተሰጥቷት ባትሪው ላይ ሲለካ 14.2 ቮልት አሳየ። ደህና ሞተር ከ13.8 እስከ 14.5 ያህል ነው የሚሰጠው። ጋዝ ተሰጥቶ ከ13 የማያልፍ ከሆነ ባትሪው አይሞላም፤ ከ15 ካለፈ ባትሪው ይፈላል። ይህ ልኬት ከሁሉም በላይ የሚዘለል ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገውም እሱ ይመስለኛል። ብዙ ሰው አዲስ ባትሪ የሚገዛው አሮጌው ለምን እንደሞተ ሳይጠይቅ ነውና። ቻርጅ የማያደርግ ሞተር ላይ የገባ አዲስ ባትሪ ዕድሜው የጥቂት ቀን ነው።

መብራቱ ሁሉ እየሠራ ስታርተሩ ብቻ እንቢ ካለ ነገሩ ሌላ ነው። ከመሪው በቀኝ ያለችውን ቀይ ማጥፊያ እዩ፤ ባትሪ ሲቀየር በክንድ ተነክታ ትዘጋለች። የጎን እግሩን አጥፉ፣ ማርሹን ኒውትራል አድርጉ፣ ፍሪሲዮኑን ጨብጡ። በኋላ የተገጠመ አላርም ካላትም አንዳንዱ ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ራሱን ይቆልፋል፤ በሪሞቱ ክፈቱት። በእግር የምትነሳ የድሮ ሞተር ያላችሁ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ የካንዴላቸውን እሳት በቀጥታ ከሚያመነጩት ኤሌትሪክ ስለሚወስዱ ያለ ባትሪ ይነሳሉ። ያለ ባትሪ መንዳት ግን ቮልቱን ስለሚያዘልለው አምፖል ይፈጃል። የሞተ ባትሪን በተነሳ መኪና ማስነሳትም አይመከርም።

ድሬዳዋ፣ ሰመራና ጋምቤላ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የእርሳስ ባትሪ ዕድሜ በግምት በግማሽ ይቀንሳል። ሞተሯን ጥላ ሥር ማቆም ለባትሪው የሚከፈል ወጪ አድርጋችሁ ቁጠሩት፤ ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነም የውሃውን ልክ ቶሎ ቶሎ እያያችሁ የተጣራ ውሃ ብቻ ጨምሩ።

ባትሪ ለምትሸጡ፦ የደንበኛውን አሮጌ ባትሪ ሳታዩ አዲስ አትስጡ፤ የፖዘቲቩን ጎን አመሳክሩ፣ አሲድ የሞላችሁትን ቻርጅ ሳታደርጉ አታስረክቡ። ለምትገዙ፦ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከመፍታታችሁ በፊት የገመዶቹን አገጣጠም በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ ብሎንና ዳዶውን ቆጥራችሁ ተረከቡ። አሮጌውንም ሜዳ ላይ አትጣሉት፣ እርሳስ ለሕፃናት መርዝ ነው። ቴስተር አውጥቶ ፊታችሁ ለመለካት እንቢ የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ብራችሁን ይዛችሁ ወደ ሌላ ሱቅ ሂዱ።